የስሌት ደብተርና ተንቀሳቃሽ ገጹ፦ የትኛው ቁጥር ይንቀሳቀስ፣ የትኛውስ ይቆለፍ?

በትምህርት ዕቅድ ሥራ የተሰማራ ባለሙያ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የትምህርት አኃዛዊ መረጃ ለረጅም ዘመን ሲቀርብ የኖረው በታተመ ሠንጠረዥ ነው። ከትምህርት ሚኒስቴር የሚወጣው ዓመታዊ የስታትስቲክስ መድበል የተማሪውን፣ የመምህሩን፣ የክፍሉንና የትምህርት ቤቱን ቁጥር በክልል እየለየ፣ በዓምድና በረድፍ ደርድሮ ያሳያል። አንባቢው በቁጥሩ ሊስማማ ወይም ላይስማማ ይችላል፤ ከተጻፈበት ቦታ ግን ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። አሁን ወደ ማሠልጠኛ ኮሌጆችና ወደ ዕቅድ ክፍሎች መግባት የጀመረው አቀራረብ ከዚህ የተለየ ነው። ባለሙያው መረጃውን በስሌት ደብተር ውስጥ ያሰላል፤ በዚያው ደብተር ላይ በጣት የሚገፋ እጀታ ይተክላል፤ ተመልካቹም እጀታውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በገፋ ቁጥር ሥዕሉ ዐብሮ ይለዋወጣል። ነገሩ ዓይን ይስባል። ተመልካቹም ቁጥሩን ራሱ ያዘዘው ይመስለዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረውም ይህንኑ መምሰል ነው፤ እጀታውን የሚገፋው ተመልካቹ ቢሆንም፣ የትኛው ቁጥር እጀታ እንደሚኖረው የወሰነው ሌላ ሰው ነውና።

አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማስረዳት ያሻል። የስሌት ደብተር ስንል ጽሑፍ፣ የፕሮግራም ትእዛዝና የትእዛዙ ውጤት በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው የሚሰፍሩበትን የኮምፒዩተር ሰነድ ማለታችን ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ፕሮግራም በመጀመሪያ ሰው እንዲያነበው ሆኖ መጻፍ ይገባዋል የሚል አስተያየት አቅርበው ነበር፤ ማቲማቲካ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ ይህን መሰል ደብተር ይዞ ነበር። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ጁፒተር የተባለው ደብተር መነሻው ፌርናንዶ ፔሬዝ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመሩት አይፓይተን የተሰኘ ሥራ ነው። በብራውዘር የሚከፈተው ደብተር በ2011 መጨረሻ ወጣ፤ ጁፒተር የሚለውን ስም ያገኘው ደግሞ በ2014 ነው። ስሙ ጁሊያ፣ ፓይተንና አር ከተባሉ ሦስት የፕሮግራም ቋንቋዎች ስም ተቀናጅቶ የተሠራ ነው።

ደብተሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በብራውዘር የምናየው ገጽ ነው፤ ሁለተኛው ከርነል የተባለው፣ ከገጹ በስተጀርባ ሆኖ ስሌቱን የሚፈጽመው ፕሮግራም ነው። ገጹ አዳራሽ፣ ከርነሉ ጓዳ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ትእዛዞቹ ሴል በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ጸሐፊው የፈለገውን ሴል በፈለገው ጊዜ ሊያስኬድ ይችላል። እጀታው ሲገፋ ከአዳራሹ ወደ ጓዳው መልእክት ይሄዳል፤ ጓዳው በአዲሱ ቁጥር እንደገና ያሰላል፤ ውጤቱም ተመልሶ በቀድሞው ሥዕል ቦታ ይተካል። ይህን ለማድረግ ዊጄት የተባሉት ተጨማሪ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። ከእነዚህም መካከል ኢንተራክት የተባለው ትእዛዝ አንድን የስሌት ቅምር በአንድ መስመር ብቻ ወደ ተንቀሳቃሽ ገጽ ይለውጠዋል። ሥራው ይህን ያህል ቀላል መሆኑ በጎም ክፉም ነው።

በጎውን ሳይናገሩ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በ2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ በየመምህራን ማረፊያው የነበረው ክርክር የማይረሳ ነው። ክርክሩ ግን በአብዛኛው በዚያች በአንዲት ቁጥር ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር። 3.3 በመቶ የሚለው አኃዝ ከመስመሩ በላይ የቆሙትን ይቆጥራል እንጂ ከመስመሩ በታች ያሉት የት እንደ ወደቁ አይናገርም። አብዛኛው ተማሪ 48 እና 49 ላይ ቆሞ ይሆን? ወይስ ከ30 በታች ተከማችቶ? ሁለቱ ሁኔታዎች የሚጠይቁት ሕክምና ፈጽሞ የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ጥቂት የማካካሻ ትምህርት ብዙዎችን ያሻግራል፤ በሁለተኛው ግን ችግሩ ከ12ኛ ክፍል እጅግ ወደ ኋላ፣ ምናልባትም ማንበብና መጻፍ እስከሚጀመርበት ክፍል ድረስ ይወርዳል። አንድ ርእሰ መምህር የራሱን ትምህርት ቤት የሞዴል ፈተና ውጤት በስሌት ደብተር አስገብቶ የማለፊያውን ነጥብ በእጀታ ከ50 ወደ 45፣ ከዚያም ወደ 40 ዝቅ ቢያደርግና የተማሪውን ቁጥር አጨማመር ቢመለከት፣ የታተመው ሠንጠረዥ ሊነግረው የማይችለውን ነገር በአንድ ደቂቃ ያያል። እጀታው እዚህ ላይ የማለፊያ ነጥብ ዝቅ ይበል ለማለት የቆመ አይደለም፤ የተማሪዎቹን ስርጭት እየዳሰሰ የሚያሳይ ጣት ነው እንጂ።

ሌላም ጥቅም አለ፤ ትንሽ ቢመስልም በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ትንሽ አይደለም። ማትፕሎትሊብ የተባለው የተለመደው የሥዕል መሣሪያ በራሱ ይዞት የሚመጣው የፊደል ቅርጽ የግእዝን ፊደል አያካትትም። በዚህም ምክንያት «የተማሪ ብዛት» ብሎ የጻፈ ጀማሪ በሥዕሉ ላይ የሚያገኘው ተከታታይ ባዶ ሳጥን ነው። አቢሲኒካን ወይም ሌላ የግእዝ ፊደል ያለው ቅርጽ መርጦ ማዘዝ መድኀኒቱ ቢሆንም፣ ጀማሪው ይህን እስኪያውቅ ድረስ ስሕተቱ የራሱ እየመሰለው በእንግሊዝኛ ወደ መጻፍ ይመለሳል። በብራውዘር የሚታዩት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ግን ፊደሉን ከኮምፒዩተሩ ስለሚወስዱ፣ የግእዝ ፊደል በተጫነበት ኮምፒዩተር ሁሉ አማርኛው ያለ ተጨማሪ ድካም ይነበባል። የዘመን መቁጠሪያው ነገር ግን ገና አልተፈታም። ቀን ለማስመረጥ የተዘጋጀው ዊጄት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። በመስከረም ጀምሮ በሰኔ የሚያበቃ የትምህርት ዘመን ለማሳየት የሚሻ ሰው ዓመተ ምሕረቱን በተራ ቁጥር አስገብቶ ቀኑን መተው ይቀለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከላይ የተጠቀሰው ኢንተራክት እጀታ የሚተክለው በቅምሩ ውስጥ «ተቀባይ» ሆነው ለተጻፉት ቁጥሮች ነው። ጸሐፊው በሌላ ሴል ላይ ቋሚ አድርጎ ያስቀመጠው ቁጥር እጀታ አያገኝም። ስለዚህ በብዙ ደብተሮች ላይ የትኛው ቁጥር እንደሚንቀሳቀስ የሚወሰነው በትምህርታዊ ምክንያት ሳይሆን ፕሮግራሙ ሲጻፍ በደረሰ አጋጣሚ ነው። መሣሪያው ራሱ ስለ ትምህርት ምንም እንደማያውቅ የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ። አንድ ሰው የክፍል ተማሪ ብዛትን 40 ብሎ ብቻ ቢሰጠውና ወሰኑን ባይገልጽለት፣ ኢንተራክት በራሱ ሥልጣን ከነጌቲቭ 40 እስከ 120 የሚሄድ እጀታ ይተክልለታል። በክፍል ውስጥ ከዜሮ በታች የሆኑ ተማሪዎች! እጀታው ዜሮ ላይ ሲደርስ ደግሞ ስሌቱ በዜሮ ማካፈል ስለሚሆንበት በቀይ የተጻፈ የስሕተት መግለጫ ይወጣል። ይህንን ስሕተት ሠልጣኝ ሁሉ አይቶ ይስቃል፤ ወዲያውም ያርመዋል። አሳሳቢው የማያስቀው ስሕተት ነው።

የማያስቀውን ስሕተት በምሳሌ እንመልከት። የትምህርት ተሳትፎ ምጣኔ በቅምርነቱ ቀላል ነው፤ በትምህርት ቤት የተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥር ለዕድሜው ለደረሱ ሕፃናት ቁጥር ይካፈላል። ጥቅል የሚባለው የተመዘገቡትን በሙሉ ይወስዳል፤ ንጥር የሚባለው ዕድሜያቸው የተወሰነው ክልል ውስጥ የሆኑትን ብቻ ይቆጥራል። በዚህ ርእስ በሠልጣኞችና በባለሙያዎች የተሠሩ ደብተሮችን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሲመለከት፣ እጀታው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚተከለው በተመዘገቡት ተማሪዎች ላይ ነው። ምዝገባው በ5 በመቶ ቢጨምር፣ በ10 በመቶ ቢጨምር እያሉ ይገፉታል። አካፋዩ ቁጥር ግን ከላይ በአንድ ሴል ላይ ተጽፎ፣ ተቆልፎ ይቀመጣል።

ይሁንና ከሁለቱ ቁጥሮች በይበልጥ የሚያጠራጥረው የትኛው ነው? የተመዘገበውን ተማሪ ርእሰ መምህሩ በስም ጠርቶ ሊቆጥረው ይችላል። የሕፃናቱ ቁጥር ግን የተቆጠረ ሳይሆን የተተነበየ ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታሰበው ቆጠራ ተላልፎ ሳይካሄድ ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ በአካፋይነት የምንጠቀምበት ቁጥር ከ1999 ዓ.ም. መነሻ ተነሥቶ፣ ሕዝቡ በየዓመቱ ይህን ያህል ይጨምራል በሚል ግምት ወደ ፊት የተገፋ ነው። እርግጥ ነው፣ ትንበያው በዘፈቀደ አይሠራም፤ ባለሙያዎች ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን እየለዩ ያሰሉታል። ነገር ግን መነሻው በራቀ መጠን ጥርጣሬው እየሰፋ መሄዱ አይቀርም፤ ከአገር ይልቅ በዞን፣ ከዞንም ይልቅ በወረዳ ደረጃ ይብሳል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በ1999 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ደረጃ የደረሱ 10,000 ሕፃናት የነበሩባትን አንዲት ወረዳ እናስብ። በ2015 ዓ.ም. 15,000 ተማሪዎች ተመዝግበዋል እንበል። የሕፃናቱ ቁጥር በዓመት በ2.6 በመቶ አድጓል ብንል፣ ይኸውም በ1999ኙ ቆጠራ ለአገሪቱ የተገኘው አማካይ የሕዝብ ዕድገት ነው፣ ከ16 ዓመት በኋላ 15,078 ይሆናሉ፤ ጥቅል ተሳትፎውም 99.5 በመቶ ነው። ሰው ስለ ፈለሰ ዕድገቱ 2 በመቶ ብቻ ነበር ብንል ሕፃናቱ 13,728፣ ተሳትፎው 109.3 በመቶ ይሆናል። ወረዳዋ የኢንዱስትሪ ከተማ በቅላባት ዕድገቱ 3.2 በመቶ ነበር ብንል ደግሞ ሕፃናቱ 16,553፣ ተሳትፎው 90.6 በመቶ ነው። እንግዲህ አንድም ተማሪ ሳይጨመር፣ አንድም ተማሪ ሳይቀነስ፣ በግምቱ ብቻ የተነሣ ወደ 19 ነጥብ የሚጠጋ ልዩነት መጣ። በመጀመሪያው ስሌት ወረዳዋ ግቧን መትታለች ይባላል። በመጨረሻው ስሌት ከ1,500 በላይ የመማሪያ ቦታ ይጎድላታል፤ የትምህርት ቤት ግንባታ በጀት ሲከፋፈል ቅድሚያ ሊሰጣት ይገባል ማለት ነው።

እጀታው መተከል የነበረበት እዚህ ላይ ነበር። በዕድገቱ መጠን ላይ ቢተከል፣ የዕቅድ ኀላፊው ጣቱን እየገፋ «ይህን ያህል ነው የምናውቀው፤ ከዚህ እስከዚህ ድረስ አናውቅም» የሚለውን ነገር በዓይኑ ያይ ነበር። በምዝገባው ላይ ብቻ ሲተከል ግን የሚያየው የራሱን ጥረት ፍሬ ነው፤ የሥዕሉ መስመር ከገፋው ዐብሮት ከፍ ይላል። ሁለቱም ደብተሮች አንድ ዓይነት መረጃ፣ አንድ ዓይነት ቅምር፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘዋል። አንዱ ጥርጣሬን ያስተምራል፤ ሌላው ያረጋጋል።

ዐብሮ የሚታይ ሌላ የተቆለፈ ቁጥር አለ፤ እርሱም የዕድሜ ክልሉ ነው። በ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ስለነበር ዕድሜው ከ7 እስከ 14 ነበር። በአዲሱ አደረጃጀት ግን የመጀመሪያ ደረጃ 6 ዓመት፣ መካከለኛው 2 ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃው 4 ዓመት ሆኗል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ዕድሜ ከ7 እስከ 12 ነው። ቀድሞ የተሠራ ደብተር «7–14» የሚለውን በአንዲት ሴል ውስጥ እንደያዘ ቢቀርና የምዝገባው ቁጥር ብቻ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በሆነው ቢተካ፣ የስድስት ዓመት ተማሪ ለስምንት ዓመት ሕፃናት ይካፈላል። የየዕድሜው ሕፃናት ቁጥር ተቀራራቢ ከሆነ ምጣኔው በሩብ ያህል ይወርዳል፤ 99.5 የነበረው ወደ 75 ይጠጋል። ፕሮግራሙ ስሕተት አይናገርም፤ ሥዕሉም ያምራል። በታተመው ሠንጠረዥ ላይ የዕድሜ ክልሉ በርእሱ ሥር ተጽፎ ስለሚታይ አንባቢ ይይዘው ነበር፤ በተንቀሳቃሹ ገጽ ላይ ግን ዓይን የሚከተለው የሚንቀሳቀሰውን ነው።

ሦስተኛው ነቀፌታ የሚያተኩረው በደብተሩ ትውስታ ላይ ነው። ሴሎች በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊሄዱ እንደሚችሉ ከላይ ተነግሯል። ጓዳው የታዘዘውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ትእዛዙ ከገጹ ላይ ቢሰረዝም እንኳ ከጓዳው አይሰረዝም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተገኘበት በአንድ የዕቅድ ስብሰባ ላይ ይህ ነገር በግልጽ ታይቷል። አቅራቢው ወጣት ባለሙያ የክፍል ተማሪ ብዛት ከ50 ወደ 40 ቢወርድ ስንት ተጨማሪ መማሪያ ክፍል እንደሚያስፈልግ በእጀታ ያሳይ ነበር። ለ15,000 ተማሪዎች በ50 ሲካፈል 150 ክፍል፣ በ40 ሲካፈል 188 ክፍል እያለ ሥዕሉ ይወጣል። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አንጋፋ ርእሰ መምህር እጃቸውን አንሥተው «ልጄ፣ 15,000 ለ50 ሲካፈል 300 አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። ወጣቱ ግራ ተጋባ፤ ቅምሩን ከላይ እስከ ታች ቢያነብም ስሕተት አላገኘበትም። በኋላ እንደ ታወቀው፣ ባለፈው ቀን ትምህርት ቤቶቹ በሁለት ፈረቃ ቢሠሩ ምን ይሆናል በሚል ፈረቃውን 2 አድርጎ ሞክሮ፣ ከዚያ ያን ሴል ሰርዞታል። ገጹ ፈረቃ 1 ነው የሚል ይመስል ነበር፤ ጓዳው ግን 2 መሆኑን ያስታውስ ነበር። አንጋፋው መምህር በአእምሯቸው ባያካፍሉ ኖሮ የዚያ ዓመት የግንባታ ጥያቄ በግማሽ ቀንሶ ይቀርብ ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ቸልተኝነት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ዣዎ ፌሊፔ ፒሜንቴልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ጊትሀብ በተባለው የፕሮግራም ማከማቻ ላይ የሚገኙ 1.4 ሚሊዮን ያህል ደብተሮችን መርምረው፣ እንደገና ለማስኬድ ከሞከሯቸው መካከል ያለ ስሕተት እስከ መጨረሻ የሄዱት 24.11 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ ቀድሞ የተመዘገበውን ውጤት መልሰው የሰጡት ደግሞ 4.03 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጸዋል። ደብተሩ ከተዘጋጀበት ኮምፒዩተር ሲወጣ የሚጎድለው ነገር የብዙ ምክንያቶች ውጤት ነው፤ የሴሎች ቅደም ተከተል መዛባት ከእነርሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ደብተር ለስብሰባ ከመቅረቡ በፊት ጓዳው ተዘግቶ፣ እንደገና ተከፍቶ፣ ሴሎቹ ከላይ እስከ ታች በተራቸው መሄዳቸው መረጋገጥ አለበት። ለዚህ በምናሌው ላይ አንድ ትእዛዝ አለ፤ የሚወስደውም ጊዜ ደቂቃ አይሞላም።

እዚህ ላይ ቮይላ የተባለውን መሣሪያ ማንሣት ይገባል። ቮይላ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሲሆን፣ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ አስኪዶ የትእዛዙን ጽሑፍ ደብቆ እጀታውንና ሥዕሉን ብቻ ለተመልካች ያቀርባል። እንደ አዲስ ማስኬዱ የትውስታውን ችግር ስለሚያስቀር ሊመሰገን ይገባል፤ በዚያ ስብሰባ በቮይላ ቢቀርብ ኖሮ የተሰረዘው ፈረቃ ወይ በስሕተት መልክ ይወጣ፣ ወይ ይታረም ነበር። ነገር ግን ትእዛዙን መደበቁ ሌላውን ችግር ያባብሰዋል። የዕድሜ ክልሉ፣ የዕድገቱ መጠን፣ የመነሻው ዓመት፣ እነዚህ ሁሉ ከተመልካቹ ይሰወራሉ። ደብተሩ የተፈጠረው አስተሳሰቡ ከውጤቱ ጋር ጎን ለጎን እንዲነበብ ነበር፤ እንዲህ ተሸፍኖ ሲቀርብ ውጤቱ ብቻ ይቀራል። ለአስተዳደር ሥራ ይህ አንዳንዴ ያስፈልግ ይሆናል። ለመምህራን ማሠልጠኛ ግን ትእዛዙ የተደበቀ ደብተር መስጠት፣ የሒሳብ ተማሪን መልሱን ብቻ ገልብጦ እንዲያስረክብ እንደ መፍቀድ ነው።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲነሣ ብዙዎች የስዊድኑን ሐኪም የሐንስ ሮዝሊንግን ንግግር ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቴድ መድረክ ላይ የአገሮችን የወሊድ መጠንና የዕድሜ ጣሪያ በሚንሳፈፉ ክቦች ሲያሳዩ ታዳሚው በአድናቆት ተከታትሏቸዋል። ሆኖም በዚያ መድረክ ክቦቹን ያናገሯቸው ሮዝሊንግ ራሳቸው ነበሩ። ከመንቀሳቀሱ በፊት ሰዎች ምን እንደሚገምቱ ያነሣሉ፤ ከዚያ ያንቀሳቅሳሉ፤ ቀጥለው ምን እንደ ታየ ይናገራሉ። የአገር አማካይ በአገር ውስጥ ያለውን ልዩነት እንደሚሸፍንም በዚያው ንግግር ክቦቹን እየከፋፈሉ አሳይተዋል። መሣሪያው ብቻውን ያለ እርሳቸው ሲቀር የዚህን ያህል ያስተምራል ብሎ ማሰብ፣ ካርታው በግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ ጂኦግራፊ ተማርን እንደ ማለት ነው።

ስለ መብራትና ስለ ኢንተርኔት ነገር ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንባቢው ያውቀዋል። አንድ ነጥብ ብቻ ይነገር። በደብተር ውስጥ የተሠራው እጀታ ሕያው የሚሆነው ጓዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። ደብተሩ ወደ ተራ የድር ገጽ ተለውጦ ቢላክ ሥዕሉ ይደርሳል፤ እጀታው ከደረሰም ሲገፋ የሚመልስለት አያገኝም። ለዚህ መፍትሔ አለው። በእጀታው ላይ የሚመጡት ቁጥሮች ጥቂት ከሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሥዕሉ አስቀድሞ ተሰልቶ፣ ፕሎትሊን በመሰለ መሣሪያ በአንድ የድር ፋይል ውስጥ ሊታሸግ ይችላል። ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ይሆናል፤ በፍላሽ ተገልብጦ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል፤ እጀታውም ይሠራል። ለዕድገቱ መጠን ከ2 እስከ 3.2 በመቶ በ0.2 እየጨመሩ ሰባት ሥዕል ማሰናዳት በቂ ነው። ጓዳውን ራሱን በብራውዘር ውስጥ የሚያስኬደው ጁፒተርላይት የተባለው አሠራር ከዚህ የበለጠ ነጻነት ይሰጣል፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የሚያወርደው ብዙ ስለሆነ ደካማ መስመር ላላቸው ኮሌጆች ለጊዜው አይመከርም። ደግሞም በዝግተኛ ኮምፒዩተር ላይ እጀታው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከማስላት ይልቅ ተገፍቶ ሲለቀቅ ብቻ እንዲያሰላ ማዘዝ ይቻላል፤ ያለዚያ ጥያቄዎቹ በጓዳው በር ተሰልፈው ሥዕሉ ከጣት በኋላ እየዘገየ ይመጣል።

በማሠልጠኛ ኮሌጅ ደረጃ ይህን ትምህርት የምንሰጥበት ቅደም ተከተልም መታየት አለበት። በአሁኑ ጊዜ የሚታየው ልማድ በመጀመሪያ ፓይተንን፣ ቀጥሎ ሥዕልን፣ በመጨረሻ እጀታን ማስተማር ነው፤ ሠልጣኙም የመጨረሻውን ለማሳየት ሲቸኩል በእጁ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ እጀታ ያደርገዋል። አንድ ሠልጣኝ አሥራ አንድ እጀታ ያለው ገጽ ሠርቶ ሲያቀርብ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተመልክቷል፤ ገጹ የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል ይመስል ነበር እንጂ ስለ ወረዳው አንድም ነገር አልተናገረም። ከዚህ ይልቅ ሠልጣኙ ኮምፒዩተር ከመንካቱ በፊት የቅምሩን ቁጥሮች በወረቀት ላይ እንዲዘረዝር ማድረግ ይበጃል። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ማን እንደ ቆጠረው፣ መቼ እንደ ተቆጠረና ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ይጻፍ። በይበልጥ የሚጠረጠረው ቁጥር እጀታ ያግኝ። የሚቆለፈው ደግሞ ለምን እንደ ተቆለፈ በሥዕሉ ሥር፣ ዓይን በሚደርስበት ቦታ፣ በአማርኛ ይሰፈር፦ «የሕፃናቱ ቁጥር ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የተተነበየ»፣ «ዕድሜ ከ7 እስከ 12»፣ «ፈረቃ 1»።

በኮሌጃችን ባለፈው ሴሚስተር በዚህ መንገድ የተሰጠው ልምምድ የሚከተለው ነበር። ሠልጣኞች የተለማመዱበትን ትምህርት ቤት የምዝገባ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ የአካባቢውን ሕፃናት ቁጥር ደግሞ ከወረዳው ትንበያ ወስደው የተሳትፎ ምጣኔውን በሦስት የዕድገት መጠን አሰሉ። እጀታው ከመገፋቱ በፊት እያንዳንዳቸው ምጣኔው ስንት እንደሚሆን ገምተው በወረቀት እንዲጽፉ ተደረገ። ከዚያም ጓዳው እንደ አዲስ ተከፍቶ ሥዕሉ ወጣ። ከሠልጣኞቹ አንዷ ግምቷን ከሥዕሉ ጋር አስተያይታ ስታበቃ፣ በወረዳው ትንበያ ላይ የተጻፈው የሕፃናት ቁጥር በቀበሌው ጤና ጣቢያ ከሚያዘው የክትባት መዝገብ ጋር ይስማማ እንደሆነ ለማጣራት ፈቃድ ጠየቀች። ፈቃዱ ተሰጥቷት የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፎላታል።